ዲግሪ አለኝ፤ ቢሮ ከፍቼ መፈረም እችላለሁ?

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። ገላን ውስጥ ባለ ብሎኬት ማምረቻ ስድስት ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። አሁን ከኮንዶሚኒየማችን ሥር አንዲት ሱቅ ተከራይቼ የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ልከፍት ነው። አንዱ ንግድ ፈቃድ ካወጣሽ በቃሽ ይለኛል። ሌላው ከፌዴራል ፈቃድ ካልያዝሽ ትጠየቂያለሽ ይለኛል። በዚህ መሃል ደግሞ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤት ለባንክ ብድር የሚሆን ኦዲት ሪፖርት ሠርተሽ ፈርሚልኝ፣ ማኅተሙን እኔ አስመታዋለሁ ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። የወርክሾፑን ሪፖርት አትፈርሚ። ሌላው ጉዳይሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ይህ አይሰጥም። ሰውየው ነገ ጠዋት ደውሎ ሊያጣድፍሽ ስለሚችል ነው ይህን ያስቀደምኩት።

አሁን ወደ መካሪዎችሽ ልምጣ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ሕጉ ሂሳብ መሥራትን አልከለከለም። ብሎኬት ማምረቻው ውስጥ ስድስት ዓመት ስትሠሪ የማንም የሙያ ፈቃድ አላስፈለገሽም። ተቀጣሪ ነሽ። ደመወዝ ሠርተሻል። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ አስልተሻል። በየወሩ ቫት አሳውቀሻል። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ መዝግበሻል። የዚያ ሁሉ ባለቤት ድርጅቱ ነው። የሂሳብ መግለጫው ላይ ኃላፊነት የሚወስደውም ሥራ አስኪያጁ ነው። አንቺ አዘጋጅ ነሽ።

ነገሩ የሚለወጠው ሰሌዳ ሰቅለሽ «ለማንም አገልግሎት እሰጣለሁ» ያልሽ ቀን ነው። ያን ጊዜ የማያውቅሽ ሰው በሙያሽ ተማምኖ ገንዘቡን ይወስናል። ባንኩ ያበድራል። ሸሪኩ ድርሻውን ይሸጣል። ገቢዎች ግብሩን ያሰላል። ሕጉ የሚጠብቀው እነዚህን ሰዎች ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጠው ለእውቀትሽ ብቻ አይደለም፤ ለፊርማሽ ነው። ይህን ከያዝሽ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዝልሻል።

ማን ነው ፈቃዱን የሚሰጠው? ቀድሞ ይህ ሥራ የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነበር። የመንግሥትን ሂሳብ የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ለግል ኦዲተሮችና ለሂሳብ ባለሙያዎችም የብቃት ማረጋገጫ ይሰጥ ነበር። አሁንም መሃል ከተማ ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ «የተፈቀደለት ኦዲተር» የሚል የደበዘዘ ሰሌዳ ታያለሽ። የዚያ ዘመን ቃል ነው። ከዚያ ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጣ። እሱን ተከትሎ በደንብ ቁጥር 332/2007 የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ። ተጠሪነቱ ለገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ባለሙያውን የሚመዘግበው፣ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው፣ የሠራውን ሥራ ጥራት የሚያየው፣ ሲያጠፋም የሚያግደው ቦርዱ ነው። ኩባንያዎች የሚከተሉትን የሂሳብ ደረጃ የሚያስፈጽመውም እሱ ነው። አይኤፍአርኤስ ሲባል የምትሰሚው፣ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ማለት ነው። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቆቹ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች መጀመሪያ ገቡ። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ቀለል ያለው አለ። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ደግሞ ኢፕሳስ የሚባለው ሌላ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ አለ። አንቺ ካለሽበት አካባቢ ሁሉም ዓይነት ደንበኛ ይመጣልሻልና ልዩነቱን ከአሁኑ እወቂው።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ከቴክኒክና ሙያ ተቋም የሚወጣ ሰው ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ይፈተናል። ካለፈ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ቦርዱ የሚሰጠውንም ሰው «የብቃት ማረጋገጫ» ይለዋል። ስሙ አንድ ሆነ እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው። ሲኦሲ «ይህ ሰው ሥራውን መሥራት ይችላል» ይላል፤ ለቅጥር ነው። የቦርዱ ወረቀት ግን «ይህ ሰው ለሕዝብ ሙያዊ አገልግሎት መስጠትና በስሙ መፈረም ይችላል» ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሲኦሲውን በፍሬም አሠርቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አየሁ። ከሥሩ «የኦዲት አገልግሎት» ተጽፏል። ልጁ አላታለለም፤ በሙሉ ልቡ ፈቃድ ያለው መስሎታል። ቁጭ ብለን ቡና ጠጥተን አስረዳሁት። ሰሌዳውን በማግስቱ አወረደ።

ንግድ ፈቃድ በቃሽ ያለሽ ሰውም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነገር ነው የሳተው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አሠራር መጀመሪያ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅባቸው የሥራ ዘርፎች አሉ። የሂሳብና የኦዲት አገልግሎት ከእነሱ ውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉ ቦርዱ ይቀድማል፣ ንግድ ፈቃዱ ይከተላል ማለት ነው። አንዳንዱ ይህን ለመዝለል በ«ጽሕፈትና ኮፒ» ወይም በ«ማማከር» ስም ንግድ ፈቃድ ያወጣና ውስጥ ገብቶ ሂሳብ ይሠራል። እባክሽ በዚህ መንገድ እንዳትጀምሪ። ደረሰኝሽ ላይ የሚጻፈው አንድ፣ የምትሠሪው ሌላ ይሆናል። ደንበኛሽም ለአገልግሎትሽ የከፈለውን እንደ ወጪ ሲያቀርብ ጥያቄ ይመጣበታል።

ሌላ የማይታይ መስመር ልጨምርልሽ። ይህኛው ብዙም አይነገርም። ሰው የግብር ማሳወቂያውን ሙሊልኝ፣ ግብሩ በዝቶብኛልና ቅሬታ ጻፊልኝ፣ ገቢዎች ሄደሽ ተከራከሪልኝ ይልሻል። ይህን ለብዙ ሰው በክፍያ መሥራት በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታክስ ወኪልነት ይባላል። ራሱን የቻለ ፈቃድ አለው። ፈቃዱን የሚሰጠው የታክስ ባለሥልጣኑ ነው እንጂ የሂሳብ ቦርዱ አይደለም። ጠበቃ በመደበኛ ሥራው ውስጥ ሲሠራው ብቻ በልዩ ሁኔታ ይታያል። ተቀጣሪ ሆነሽ የአሠሪሽን ማሳወቂያ መሙላትሽ ግን ወኪልነት አይደለም። ክልሎችም የየራሳቸው የታክስ ሕግ አላቸው፤ ስለዚህ ደንበኛሽ በሚገበርበት ቅርንጫፍ ጠይቂ። የእናንተ ሰፈር ደግሞ እንደምታውቂው ነው። በአካባቢሽ አንዱ ነጋዴ ለአዲስ አበባ ይገብራል፤ ገላን ያለው ደግሞ የሸገር ከተማ፣ ማለትም የኦሮሚያ ነው። ጠዋት አንዱ ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ነው የምትውዪው። የቦርዱ ፈቃድ ፌዴራል ስለሆነ ድንበር አያግደውም። ንግድ ፈቃዱ ግን ቢሮሽ ባለበት አስተዳደር ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ ኦዲቱ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኦዲት ማለት ሰው ያዘጋጀውን ሂሳብ ሌላ ሰው፣ ከሥራው ነፃ የሆነ ሰው፣ መርምሮ አስተያየት መስጠት ነው። አክሲዮን ማኅበር ኦዲተር እንዲኖረው የንግድ ሕጉ ያስገድዳል። ይህ ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ይዞት ቀጥሏል። የ1952ቱ ሕግ ማን ኦዲተር መሆን እንደማይችልም ዘርዝሮ ነበር። መሥራቹ አይችልም። የቦርድ አባሉ አይችልም። የእነሱ ቤተዘመድና የትዳር ጓደኛ አይችሉም። ከኦዲት ውጪ በሌላ ሥራ ከኩባንያው ደመወዝ የሚቀበል ሰውም አይችልም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በዪ። ነገ ፈቃድ ብታገኚ እንኳ ዓመቱን ሙሉ መዝገቡን የያዝሽለትን ሰው ኦዲት ማድረግ አትችዪም። የራስሽን ሥራ ራስሽ መርምረሽ «ትክክል ነው» ማለት ይሆናል።

ባለ ወርክሾፑ ምናልባት በግለሰብ ስም የሚነግድ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ኦዲት ያስገደደው የንግድ ሕጉ አይደለም፤ ባንኩ ነው። ባንኩ ለምን ጠየቀ? ሰውየውን ስላላመነው አይደለም። ፈቃድ ያለው ሰው መዝገቡን ከፍቶ አይቶታል የሚል ዋስትና ስለሚፈልግ ነው። አንቺ ስትፈርሚ ባንኩ የሚያነበው ይህን ነው። አንቺ ደግሞ መዝገቡን አላየሽም። ብታዪውም ሕጉ ያንን ቃል እንድትሰጪ ገና አልፈቀደልሽም።

«ማኅተሙን እኔ አስመታዋለሁ» ያለው ነገር ደግሞ አሳዝኖኛል። አዲስ ነገር ስላልሆነ ነው ያዘንኩት። እኔ ወጣት ሆኜ አንድ የኦዲት ቢሮ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ማለቂያ ላይ፣ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ሁሉ ሂሳቡን ለማስገባት ይራኮታል። ጥቅምት 30 የመጨረሻው ቀን ነዋ። አለቃዬ የተጠረዘ ሪፖርት አስይዞ ወደ አንድ ፈቃድ ያለው ሰው ቤት ላከኝ። ቤቱ ሳሎን ውስጥ ነው የተቀበለኝ። ሪፖርቱን አልገለጠውም። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አወጣ። መነጽሩን እንኳ አላደረገም። ፈረመ፣ ስሙ ያለበትን ቲተር መታ፣ ክብ ማኅተሙን አሳረፈ፣ ፖስታውን ተቀበለኝ። ከበር እስከ በር አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያን ጊዜ ሥራ የሚባለው እንዲህ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያ ድርጅት ሸሪኮች ተጣሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንደኛው ወገን «ኦዲተሩ የመረመረበትን ወረቀት ያቅርብ» አለ። በሙያችን ወርኪንግ ፔፐር የምንለውን ማለቱ ነው። የትኛው ደረሰኝ ታየ፣ የትኛው ባንክ ስቴትመንት ከየትኛው መዝገብ ጋር ተመሳከረ፣ ዕቃ ሲቆጠር ማን ቆሞ አየ የሚለው ሁሉ የሚሰፍርበት ፋይል ነው። ፋይሉ አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልተሠራም። ሰውየው ፈቃዱን አጣ። የእኔን ያህል ልጅ የነበረው ረዳት ግን በዚያ ሪፖርት ላይ «አዘጋጅ» ተብሎ ስሙ ስለነበር እየተመላለሰ ቃሉን ሰጠ። ጓደኛዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ሙያው አልተመለሰም። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። አንቺ ያለሽበት ቦታ የሱ ቦታ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከዚያ ዘመን ይጠብቃል። በሕጉ ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ ያለባቸው ድርጅቶች የሂሳብ መግለጫቸውን ለቦርዱ ያስገባሉ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ መዝገብ ውስጥ አለ። ባንኩም፣ ገቢዎችም፣ ሸሪኩም «ይህ ሰው ፈቃዱ የታደሰ ነው ወይ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በተዋስሽው ማኅተም የገባ ወረቀት አንድ ቀን ከባለ ማኅተሙ ዝርዝር ጋር ሲነጻጸር አይገጥምም።

እሺ፣ ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ? መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን አለ።

ቦርዱ ከአመልካች የሚፈልገው ጠቅለል ሲል እንዲህ ነው። ተቀባይነት ያለው የሙያ ማረጋገጫ፣ የተግባር ልምድ፣ መልካም ሥነ ምግባር፣ ፈቃድ ካገኙ በኋላም ሙያን እያደሱ መቀጠል። ዝርዝሩ በመመሪያ ስለሚወሰን በወሬ አትመሪ። በአካል ሄደሽ በሥራ ላይ ያለውን ዝርዝር ውሰጂ። ለሂሳብ ባለሙያነትና ለኦዲተርነት የሚጠየቀው እኩል አይደለም፤ ሁለቱንም ለያይተሽ ጠይቂ።

ዲግሪ የሙያ ማረጋገጫ አይደለም። ይህ ብዙ ሰው ያስቀይማል፤ እኔንም በጊዜው አስቀይሞኛል። አራት ዓመት ተምሬ እንደገና ፈተና? ግን ነገሩ እንዲያ ነው። እዚህ አገር በብዛት የሚታወቀው ኤሲሲኤ የሚባለው የእንግሊዝ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ነው። 13 ፈተና አለው። በዲግሪሽ ከነዚህ እስከ 9 ድረስ ነፃ ልትደረጊ ትችያለሽ፤ ስንቱ እንደሚነሳልሽ የሚወሰነው በተማርሽበት ዩኒቨርሲቲና በትምህርትሽ ዝርዝር ነው። ለማለፍ 50 ከመቶ ያስፈልጋል። ቀላል እንዳይመስልሽ፤ የመጨረሻዎቹ ፈተናዎች ላይ 50 ማምጣት ዩኒቨርሲቲ 90 ከማምጣት ይከብዳል። ከፈተናው በተጨማሪ የ36 ወር የተግባር ልምድ አለ። ክፍያው በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲታሰብ በጣም ከብዷል። ስለዚህ ለአንድ አንድ ፈተና እየከፈልሽ ሂጂ። በአንዴ ሦስት ተመዝግቦ ሁለቱን የሚወድቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የሚያቆመውም ያኔ ነው።

ስለ ልምዱ አንድ ምክር አለኝ። ስድስት ዓመትሽ ባዶ አይሄድም። ከፈተና በፊት የተሠራ ሥራም ይቆጠራል። ግን የሙያ ማረጋገጫ ያለው ሰው አይቶ ሊፈርምልሽ ይገባል። ብሎኬት ማምረቻው ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ድርጅቱን በየዓመቱ የሚመረምረውን የውጭ ኦዲተር አነጋግሪ። ሥራሽን ያውቀዋል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ፈቃድ ያለው ቢሮ ውስጥ በረዳትነት መግባት ነው። ደመወዙ ካለሽበት ሊያንስ ይችላል። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የዱቄት ፋብሪካም፣ የትምህርት ቤትም፣ የሕንፃ ተቋራጭም ሂሳብ ታያለሽ። አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ አሥር ዓመት ብትቀመጪ ይህን አታገኚም።

ሱቋን ግን አሁን አትከራዪ። ኪራይ በየወሩ ሲቆጠርብሽ ያልተፈቀደ ሥራ መቀበል ትጀምሪያለሽ። እስከዚያ ገቢ ካስፈለገሽ በትርፍ ሰዓት በእውነተኛ የቅጥር ውል መሥራት ትችያለሽ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ግብሩ ከደመወዝሽ ይቆረጥ። ሰሌዳ የለ፣ ማኅተም የለ። የሂሳብ መግለጫ ካዘጋጀሽ በየገጹ አናት ላይ «ያልተመረመረ» ብለሽ ጻፊ። ከታች ባለቤቱ ይፈርም። አንቺ «አዘጋጅ» ከሚለው ጎን ብቻ ፈርሚ። ያቺ አንዲት ቃል ስንቱን ሰው አድናለች መሰለሽ።

ወደፊት ፈቃድ ካወጣሽ ብቻሽን መሆንም አይጠበቅብሽም። አዲሱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር የሚባል አደረጃጀት አምጥቷል። እንደኛ ላሉ ባለሙያዎች የሚመች ነው። አብረውሽ የሚፈተኑ ሁለት ልጆች ካሉ ከአሁኑ ተዋወቂ።

ለባለ ወርክሾፑ ምን ትዪዋለሽ? እውነቱን ንገሪው። «ጋሼ፣ እኔ መዝገብ ማደራጀት እችላለሁ፤ መመርመርና መፈረም ግን ፈቃድ ላለው ሰው ነው» በዪው። ይቆጣ ይሆናል። ግን ሰውየው የሚያስፈልገው ማኅተም ሳይሆን የሚመረመር መዝገብ ነው። መዝገቡ ከሌለ ትክክለኛ ኦዲተር ቢመጣም «አስተያየት ለመስጠት አልተቻለም» ብሎ ነው የሚጽፍለት፤ ያ ወረቀት ደግሞ ባንክ ውስጥ አይጠቅመውም።

የእነዚህን ሰዎች ደረሰኝ አያያዝ አውቀዋለሁ። የማካሮኒ ካርቶን ውስጥ፣ ከብየዳ ዘንግና ከሻይ ብርጭቆ ጋር። ባለፈው ሰሞን አቃቂ አንድ ወርክሾፕ ገብቼ ካርቶኑን ስገለብጥ ግማሹ ነጭ ወረቀት ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ሙቀቱ ቀለሙን አጥፍቶታል። የላሜራ ግዢ፣ የቀለም፣ የዲስክ፣ ሁሉም ባዶ ወረቀት ሆኗል። ባለቤቱ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ይዞ «ይቺ የትልቁ ብረት ናት» አለኝ። አምነዋለሁ። ግን ኦዲተር ያንን ሊጽፈው አይችልም። እንዲህ ያለውን ደረሰኝ በተገዛበት ቀን ኮፒ አድርጎ ከዋናው ጋር በስቴፕለር ማያያዝ ነው መፍትሔው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የነጋዴ መዝገብ 10 ዓመት መቀመጥ ነበረበት። እኔ ዛሬም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ምንም አልጥልም፤ ለደንበኞቼም የምለው ይህንኑ ነው።

እና ለባለ ወርክሾፑ ሥራ ስጪው። ካርቶኑን በወር በወር ይለየው፤ ከሐምሌ ይጀምር። ሽያጩን ለብቻ፣ ግዢውን ለብቻ፣ የባንኩን ለብቻ። የደበዘዘውን ሻጩ ጋ ሄዶ ኮፒ ይጠይቅ። ይህን ጨርሶ ከመጣ ፈቃድ ያለው ኦዲተር ዘንድ እኔ ራሴ አገናኘዋለሁ። መዝገቡን በማደራጀቱ ደግሞ አንቺ በውል ልታግዢው ትችያለሽ።